የቤዛዊት ዳገትና የሰዒድ ካምቢዮ

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ የቤዛዊትን ዳገት ብስክሌቴን እየገፋሁ ስወጣ አንድ ሽማግሌ ቀደመኝ። ጎረምሳ ቢቀድመኝ ደንታም የለኝ፤ ለምጀዋለሁ። ይሄኛው ግን ነጭ ኮፍያ የደፋ፣ ጺሙን በሂና ያቀላ፣ እኔን የሚያህል ሰባ ዓመት የተጠጋ ሰው ነው። ብስክሌቱ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ሳያልበው፣ ሳያለከልክ ሽቅብ ይሄዳል። እግሩን ለይምሰል ያህል ያዞራል እንጂ የሚረግጥም አይመስልም። አጠገቤ ሲደርስ ቀዝቀዝ አለና፣ «አለልኝ! እስካሁን እዚሁ ዳገት ላይ ነህ እንዴ?» ብሎኝ ውልቅ አለ።

ድምፁን አወቅሁት። ሰዒድ! ወረታ ላይ ንግድ ከፍቶ ከባሕር ዳር ከጠፋ ስንትና ስንት ዓመቱ ነው። ተመልሶ መጣ ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ እንዲህ ባለ ነገር ላይ ሆኖ ይመጣብኛል ብዬ ግን መች አሰብሁ። ባትሪ ያላት ብስክሌት ናት። ማታ እንደ ስልክ ግድግዳ ላይ ሰክተው ይሞሏታል፣ ጠዋት ዳገቱን እሷ ትወጣለታለች፣ እሱ ሐይቁን እያየ ይሄዳል። አማቹ ነው አሉ ከአዲስ አበባ ያመጣለት። የእኔ አማች የሚያመጣልኝ ምክር ነው። እንግዲህ እንዴት አልቅና? የዛሬ ሃምሳ ዓመት ግድም በዚሁ ዳገት፣ በዚሁ ሰውዬ የጀመረኝ ቅናት ነው፤ አርጅቷል ስል ባትሪ አስገጥሞ መጣ።

ያን ጊዜ ባሕር ዳር የብስክሌት አገር ነበረች። አሁን ባጃጅ የሚርመሰመስበት መንገድ ሁሉ፣ ከወደቡ እስከ ግሽ አባይ ሰፈር፣ ከግሽ አባይ እስከ ሹም አቦ፣ በዘንባባው ሥር የሚሰማው የብስክሌት ደወል ነበር። አስተማሪው በብስክሌት፣ ነርሷ በብስክሌት፣ ዳኛው ካፖርቱን እንደለበሰ በብስክሌት። ዶሮ ነጋዴው ሳይቀር ዶሮዎቹን ከመሪው ላይ ዘቅዝቆ በብስክሌት ነው የሚመጣው። የሌለው ደግሞ ይከራያል፤ በሰዓት ስሙኒ። ስሙኒ ያኔ ቀላል ገንዘብ አልነበረም፤ ሻይ ከነፓስቲው ይጋብዛል፣ መልስም አለው። እኛ ወጣቶቹ ቤል ቦተም ሱሪ ነበር የምንለብሰው፤ እግሩ እንደ ጃንጥላ ስለሚሰፋ ካቴናው፣ ማለት ሰንሰለቱ፣ እንዳይነክሰው በልብስ መቆንጠጫ ጥርቅም አድርገን እንይዘዋለን። ያቺ መቆንጠጫ ራሷ ፋሽን ሆና፣ ብስክሌት የሌለው ሁሉ ሱሪውን ቆንጥጦ በእግሩ ይዞር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ከወደቡ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ቴፑ ይከፈታል፤ ዘፈኑ በሐይቁ ላይ እየተንሳፈፈ ታንኳ ቀዛፊዎቹ ዘንድ ይደርሳል። እኛ አንድ እግራችንን የመንገዱ ጠርዝ ላይ አስደግፈን፣ ከብስክሌት ሳንወርድ ሻያችንን እንጠጣለን። መውረድ ነውር ነው። ዛሬ በዚያው ቦታ ጁስ ቤት ተከፍቷል፤ ልጆቹ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው የሌላ አገር ውድድር ያያሉ። በአጠገባቸው ባልፍ ቀና የሚልም የለ።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ከሐይቁ ደሴቶች ባንዱ ገዳም ያገለግሉ ነበር። የእሳቸው ሐሳብ ዜማ ተምሬ እንድተካቸው ነው። እኔ ግን ጾመ ድጓውን ፊቴ ዘርግቼ ጆሮዬ ደጅ ነው፤ የትኛው ደወል የማን እንደሆነ እለያለሁ። በመጨረሻ ተስፋ ቆረጡና፣ «በል እንግዲህ፣ እግዜር የሰጠህ ሁለት እግር አልበቃህም፤ ሁለት ጎማ ጨምርበት» ብለው፣ ሥራ ተዛውሮ ከሚሄድ አንድ ጸሐፊ ላይ አሮጌ ጥቁር ብስክሌት ገዙልኝ። ከባድ ናት፤ በሬ በሏት። ግን እግር ነበረኝ። ይህን ስል እንደ ጉራ አይቆጠርብኝና፣ ሜዳም ሆነ ዳገት በከተማው ውስጥ የሚቀድመኝ አልነበረም። ሰዒድንም ጨምሮ። ሰዒድ የጨርቅ ነጋዴው የሐጂ ልጅ ነው፤ ጓደኛዬ ነው። በኢድ እኔ ከቤታቸው አልጠፋም፣ በጥምቀት እሱ ከደጃችን አይጠፋም። በየእሑዱ እንወዳደራለን፣ በየእሑዱ እቀድመዋለሁ። እንዲህ ያለ ጓደኛ እንዴት አይወደድ?

አንድ ቀን በሐጂ ሱቅ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ጥል መስሎኝ ሮጥሁ። ጥል አልነበረም፤ ከአስመራ በጭነት መኪና የመጣች ቀይ ብስክሌት ናት። ቀጭን፣ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ፣ የኋላ ጎማዋ ላይ ካቴናው የሚጠመጠምበት ጥርስ አንድ ሳይሆን ተደራራቢ የሆነ። «ካምቢዮ አላት» አለኝ ሰዒድ፤ ቃሉን ራሱ እንደ ከረሜላ አፉ ውስጥ እያገላበጠ። ትንሿን ማንሻ ሲነካት ካቴናው «ጠቅ» ብሎ ካንዱ ጥርስ ወዳንዱ ይዘላል፤ ዳገት ሲሆን ትቀልለታለች፣ ሜዳ ሲሆን አንዷ ርግጫ ሩቅ ትወስደዋለች። ሰው ሁሉ «እሰይ! እሰይ!» ይላል። እኔም «እንኳን ደስ አለህ» አልሁት፤ አፌ ነው ያለው። ዓይኔ ደም ለብሷል። ከዚያ ወዲያ የትም ብሆን ያቺ «ጠቅ» ትሰማኝ ጀመር፤ ቅዳሴ ቆሜ ሳይቀር። «ለእሱ ለምን ሰጠኸው» ብዬ እግዚአብሔርን አልጠየቅሁም፤ የመሪጌታ ልጅ ነኝና እንዲህ አይባልም። «ለእኔ ለምን ነሳኸኝ» ግን ብያለሁ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ያን ሰሞን የብስክሌት ውድድር ሊደረግ ነው ተባለ፤ አንደኛ የወጣ አዲስ አበባ ይላካል፣ እዚያ ጥሩ ከነዳ ለአገር ይመረጣል። የሚላከው አንድ ሰው ብቻ ነው። አዲስ አበባን ደግሞ አንዳችንም አላየናትም። መንገዱ ከወደቡ ተነስቶ፣ የአባይን ድልድይ ተሻግሮ፣ ቤዛዊትን ወጥቶ፣ ከቤተ መንግሥቱ በር ዞሮ፣ በመጣበት ተመልሶ ወደቡ ላይ ያበቃል። ሄጄ ብስክሌት ጠጋኙን አያ ደሴን አማከርሁ። አያ ደሴ ብስክሌቴን ገልብጦ ጎማውን እያዞረ ትንሽ አሰበ።

«እንግዲህ ያንተዋ ጥርስ አንድ ናት» አለኝ። «ከኋላ ትልቅ ጥርስ ከገጠምሁልህ ዳገቱን እንደ ፍየል ትወጣዋለህ፤ ሜዳው ላይ ግን እግርህ ይዞራል እንጂ አትሄድም። ትንሽ ከገጠምሁልህ ሜዳው ያንተ ነው፤ ቤዛዊት ላይ ግን ወርደህ ትገፋታለህ። ምረጥ።»

«ሰዒድስ?» አልሁት።

«ሰዒድማ ምን ይመርጣል፤ ሁለቱም አለው።»

ይቺ ቃል እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች። ያለው ሰው ከሌለው የሚለየው በመብሉ በልብሱ አይምሰላችሁ፤ ምረጥ ባለመባሉ ነው። ሳወጣ ሳወርድ ከርሜ ዳገቱን መረጥሁ። ዳገት ላይ ከጣልሁት ልቡ ይሰበራል፣ ከዚያ ወዲያ አይደርስብኝም ብዬ ነው። አያ ደሴም ከአንድ የተጣለ ብስክሌት ላይ ትልቁን ጥርስ ፈትቶ ገጠመልኝ፤ «እንግዲህ ሜዳውን ለእመብርሃን ስጣት» አለኝ።

የውድድሩ ዕለት ከተማው እንዳለ ወጥቷል። እኔ ቁምጣ፣ ሸራ ጫማ፣ እናቴ ኖራ እስኪመስል አንጥታ ያጠበችልኝ ካናቴራ ለብሻለሁ። ሰዒድ እጁ ላይ የቆዳ ጓንት አጥልቋል። ጓንት! በዚያ ፀሐይ! ድልድዩን አብረን ተሻገርን። ቤዛዊት ላይ ስንደርስ አያ ደሴ እንዳለው ሆነ፤ በሬዋ ፍየል ሆነች። ሰዒድ ከኋላዬ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፣ ይቀያይራል፤ ገና አልለመዳትም። አንዴ ካቴናው ወልቆበት ወርዶ ሲያስገባ ዞሬ አየሁት። ከቤተ መንግሥቱ በር ስዞር እሱ ገና መሐል ዳገት ላይ ነው። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ሠርጌንም ጨምሬ ነው የምለው፣ ሚስቴ አትስማኝ። አባይ ከታች ያብረቀርቃል፣ ነፋሱ ካናቴራዬን ይነፋል፣ እኔ በሐሳቤ አዲስ አበባ ገብቼ ሰው ሁሉ «ይሄ ማነው?» እያለ ነው። ቁልቁለቱን ጨረስሁ፤ ድልድዩን ተሻገርሁ።

ከዚያ ሜዳው መጣ። እግሬ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይዞራል፤ ብስክሌቷ ግን ያው ናት። ብረግጥ ባዶ ነው፣ የሚይዘኝ ነገር የለም። ጉልበቴ አላለቀም እኮ! ጉልበቴን የምጥልበት ቦታ ነው ያጣሁት። መንገድ ዳር ያለው ሰው «በርታ! በርታ!» ይለኛል፤ ምኑን ልበርታ? ዘንባባው የሚጀምርበት ላይ ስደርስ ከኋላዬ «ጠቅ» ሰማሁ። አንዲት ብቻ። ሰዒድ ተረጋግቶ፣ እያንዳንዷን ርግጫ እያስረዘመ አለፈኝ። ሲያልፍ ወደ እኔ አላየም። እንኳንም አላየኝ፤ እያለቀስሁ ነበር።

አዲስ አበባ ሄደ። ሲመለስ አውቶቡስ ተራ ቆሜ ጠበቅሁት። ምን ልታደርግ ሄድህ አትበሉኝ፤ ቅናት የሚነዳው ሰው የት እንደሚሄድ መች ያውቃል። አረንጓዴ ማሊያ ለብሶ ወረደ። ደረቱ ላይ ቢጫ መስመር ያለው፣ ጀርባው ላይ ኪስ የተሰፋለት። ጀርባ ላይ ኪስ አይቼም አላውቅ! ሰው «እንዴት ነበር?» ሲለው መልሱ «አልሐምዱሊላህ» ብቻ ነው። ያቺን ማሊያ በየእሑዱ ይለብሳታል፤ ገበያ ብሄድ፣ ሠርግ ቤት ብሄድ፣ ሐይቅ ዳር ብወጣ አረንጓዴዋ ቀድማኝ ትገኛለች። እኔ ፋብሪካ ገባሁ፤ ከጥጥና ከክር ጋራ ስታገል ጡረታዬ ደረሰ። በሬዋ የሥራ መመላለሻ ሆነች። ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም፣ «ካምቢዮው ነው እንጂ ሰዒድማ ከየት አባቱ ያገኘኝ ነበር» እላለሁ። ለሚስቴ ገና በጫጉላችን ነግሬያታለሁ። ዛሬም ቆዝሜ ካየችኝ፣ «ደግሞ ሰዒድ ነው?» ትለኛለች። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እኔን ጠይቁኝ፣ እንዴት አድርጎ እንደሚያደምቅ።

አሁን ደግሞ የልጅ ልጄ ሊድያ ብስክሌት ትወዳደራለች። ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ፣ ተከራይታ ትማራለች፤ እሑድ እሑድ ከቡድኗ ጋራ ስትለማመድ ወጥቼ አያታለሁ። ብስክሌቷን ባንድ እጄ አነሳታለሁ፤ የካምቢዮዋን ብዛት ተዉት። መሪዋ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ ቁጥር የሚበራባት መስኮት አለች። ደረቷ ላይ ቀበቶ ታስሮ የልቧን ምት ለዚያች መስኮት ይነግራል፤ ፔዳሏ ደግሞ ስንት ጉልበት እንደረገጠች ይናገራል፤ አሠልጣኟ አዲስ አበባ ተቀምጦ ሁሉን ያያል። አንድ እሑድ እየመራች ሳለ ቤዛዊት ላይ ቀስ ስትል አየኋት። ሌሎቹ አለፏት።

«ምነው ልጄ፣ ምን ነካሽ? እየቀደምሽ አልነበር?» አልኋት ስትመጣ።

«የልቤ ምት ከልክ አልፎ ነበር አባባ። ከዚህ በላይ አትሂጂ አለኝ።»

«ማን?»

«ይሄ ነዋ» ብላ መስኮቷን በጣቷ መታ መታ አደረገች።

«ኧረ ወዲያ! እኔ በዚያ ዳገት ልቤ ባፌ ሊወጣ ሲል ነው የጨመርሁት!»

«ለዚያ ይሆናላ ሜዳው ላይ የቀደሙዎት» ብላ ሳቀች። ታሪኩን ከነነጠላ ሰረዙ ታውቀዋለች። ከዚያ ሳቋን ተወችና፣ «አባባ፣ ይሄ ነገር እኮ አንዳንዴ ያስጠላኛል» አለችኝ። «ደክሞኛል ብል አሠልጣኙ አያምነኝም፤ ቁጥርሽ ደኅና ነው ይላል። ቁጥሬ ደኅና ከሆነ ደኅና ነኝ ማለት ነው። መዋሸትም፣ ማልቀስም አይቻልም።»

አሳዘነችኝ። ግን አልዋሽም፣ ቀናሁባትም። እሷ የረገጠችው አንዲት ርግጫ ሳትቀር የሚያይላት አለ። የእኔን ማን አየልኝ? ያቺ መስኮት ያኔ ብትኖረኝ ኖሮ፣ ሜዳው ላይ ጉልበቴ አለማለቁን፣ ጥርስ ማጣቴን ለዳኛው ትመሰክርልኝ ነበር። በገዛ ልጅ ልጅ መቅናት ምን ይባላል? ለንስሐ አባቴ አልነገርሁም፤ ይስቁብኛል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ጭኜ ነው ቅዳሜ ዕለት ዳገቱን የገፋሁት። ላይ ስደርስ ሰዒድ ብስክሌቱን አቁሞ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ከታች አባይን ከነአዲሱ ድልድዩ ያያል። ተነስቶ አቀፈኝ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም ያለ ማሽን ዳገት አትወጣም?» አልሁት። ሰላምታዬ ይኼው ነው።

«አንተስ ዛሬም ትገፋለህ?»

«ካምቢዮ የሚገዛልኝ አባት አልነበረኝማ።»

የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም። «እስቲ ተቀመጥ» አለኝ ቦታ እየለቀቀልኝ። «ወላሂ፣ ይሄን ሳልነግርህ ብሞት አላህ ይጠይቀኛል። አዲስ አበባ ምን እንደሆንሁ ታውቃለህ?»

«ማሊያ ተሸልመህ መጣህ። ሌላ ምን ትሆናለህ?»

«እዚያ ስደርስ ሁሉም ካምቢዮ አላቸው፤ ያለ ካምቢዮ የመጣ አንድም የለ። እንዲያውም የእኔዋ ከእነሱ መሐል አሮጊት ናት። ገና ከከተማው ሳንወጣ ጣሉኝ። መጨረሻ ወጣሁ፣ አለልኝ። እኔ ስገባ ገመዱን ጠቅልለው፣ ዳኞቹ ወደ ቤታቸው ሄደው ነበር። ማሊያዋን መርካቶ ነው የገዛኋት።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ደስታ ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ወዲያው ግን ደስታው የሚያርፍበት አጣ። ዕድሜዬን ሙሉ የተቃጠልሁባት ማሊያ የመርካቶ ናት! ይቺን እኔም እገዛት አልነበር?

«አንተ ታድለሃል» አለኝ ሰዒድ። «ስትሸነፍ የምታሳብብበት ካምቢዮ ነበረህ። እኔ በምን ላሳብብ? ያነሰኝ እግሬ ነው። ያን ቀን መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ፣ ምነው አለልኝን በሆንሁ ነው ያልሁት።»

«ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልነገርኸኝም? እኔ እዚህ በቅናት ስጠበስ!»

«ልነግርህ ነበር። ከአውቶቡስ ስወርድ መጀመሪያ ያየሁት አንተን ነው፤ አንገትህ ላይ ተጠምጥሜ ላለቅስ ነበር። አየሁህ፤ ዓይንህ ማሊያዋ ላይ ተተክሏል። አለልኝ፣ እንደዚያ አድርጎ ያየኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። አባቴ እንኳ ብስክሌቷን መልሼ ልሽጣት ነው ያሉኝ። አዲስ አበባ ስሜን የጠየቀኝ የለም። ጀግና ያደረግኸኝ አንተ ብቻ ነህ። ሰው 'ምቀኛ አታሳጣኝ' የሚለው ወዶ መሰለህ? ብነግርህ ማን ይቀናብኝ ነበር?»

  ሰዒድ ተነሳና የባለ ባትሪዋን መሪ ወደ እኔ አዞረ። «በል ውጣባት። ትንሽ ወርደህ መልሰህ ሽቅብ ንዳት፤ አንዴ ቅመሳት። ቀላል ነው፣ ይቺን መጫን ብቻ ነው» አለኝ።

እጄ ሊዘረጋ ምንም አልቀረው። ልቤ ቋምጧል፤ ምን እደብቃለሁ። ግን ብቀምሳት ቅናቴ ሊወጣልኝ ነው። ይህ ሰው ደግሞ ወረታን የሚያህል አገር ለቅቆ፣ በዚህ ዕድሜው ባትሪ አስሞልቶ፣ በቅዳሜ ማለዳ እዚህ ዳገት ላይ የመጣው ማንን ፍለጋ እንደሆነ አሁን ገና ገባኝ።

«አልነካትም» አልሁት። «ራስህ ንዳት።»

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ኮፍያውን አስተካከለና ቁልቁል ለቀቃት። እኔ ፍሬኔ ስለማይታመን በሬዬን እየገፋሁ ነው የምወርደው። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ፣ ባለኝ ድምፅ ጮህሁበት፤ «ባትሪው ነው እንጂ አንተማ የት ትደርስ ነበር!» ቁልቁለት ላይ ባትሪ ምንም እንደማይሠራ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሳይዞር አንድ እጁን ወደ ላይ አነሳልኝ።